ርካሽ ምሰሶ ከሸራው ይጀምራል

የሸራ ጀልባ በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው አካሏን በጣውላና በሙጫ እንደምንም ይጨርስና ምሰሶው ላይ ሲደርስ እጁ ያጥረዋል። የፋብሪካ የአሉሚኒየም ምሰሶ ከነሽቦው፣ ከነማጥበቂያውና ከነመዘውሩ ሲደመር አንዳንዴ ከጀልባዋ አካል የበለጠ ገንዘብ ይጠይቃል። ከዚያ «ታዲያ ከምን ልሥራው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ከእንጨት፣ ከቀርከሃ፣ ከመስኖ ቧንቧ ወይስ ከአሮጌ የባንዲራ መስቀያ? ከእነዚህ ውስጥ ማናቸውም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቁሳቁስ ከመምረጥ በፊት ምሰሶው የሚሸከመውን ጫና ማወቅ ይቀድማል። ይህን ሳያሰላ ቧንቧ የሚገዛ ሰው ወይ የሚሰበር፣ ወይ በክብደቱ ጀልባዋን የሚያንገዳግድ ነገር ይዞ ይመለሳል።

ምሰሶን ማን ይሰብረዋል?

ነፋስ ነው ብሎ የማይመልስ የለም። ነፋስ ግን ብቻውን ምሰሶ አይሰብርም። ጀልባዋ ባትቃወመው ኖሮ ሸራው ሲገፋ ዝም ብላ ትጋደም ነበር፤ ምሰሶውም አንዳች ሳይሆን ውኃው ላይ ይተኛ ነበር። ምሰሶው መከራውን የሚያየው ሸራው ወደ አንድ ጎን ሲገፋ፣ የጀልባዋ አካልና ጠርዝ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ወደ ሌላው ጎን ስለሚጎትቱት ነው። ስለዚህ በትንሽ ጀልባ ላይ የጫናው ጣሪያ የሚታወቀው ጀልባዋ «አልገለበጥም» ከምትልበት ጉልበት ነው። ነፋሱ ከዚያ ካለፈ ጀልባዋ ትጋደማለች እንጂ ምሰሶው ላይ የሚያርፈው ጫና እምብዛም አይጨምርም።

ይህ ደግሞ በወረቀት ጀርባ ላይ ሊሰላ ይችላል። በድምሩ 150 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ከጀልባዋ መሃል መስመር 60 ሴንቲሜትር ርቀው ጠርዝ ላይ ቢቀመጡ፣ 150 በ0.6 ተባዝቶ 90 ኪሎግራም-ሜትር ይሆናል። የጀልባዋ አካል ራሱ የሚጨምረው ነገር አለ፤ ለማሳያ ያህል እንለፈው። ምሰሶው ያለ ሽቦ የቆመ ከሆነ ይህ ጫና ሁሉ የሚጠራቀመው የጀልባዋን የላይኛ ወለል በሚያልፍበት ቦታ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ነው። ደረቅ እንጨት በጉልበት ላይ ተደርጎ ሲሰበር ስንጥቁ የሚጀምርበት ቦታ ማለት ነው።

አሁን ስፕሩስ ከሚባለው ቀላል የጥድ ዘመድ እንጨት የተሠራ፣ 75 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ምሰሶ እንውሰድ። 90 ኪሎግራም-ሜትር ሲያርፍበት በእንጨቱ ጠርዝ ላይ የሚፈጠረው ውጥረት 21 ሜጋፓስካል (የውጥረት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። እንከን የሌለበት ደረቅ የሲትካ ስፕሩስ የሚሰበረው ወደ 70 ሜጋፓስካል ሲጠጋ ነው። ሦስት እጥፍ መጠባበቂያ አለን ማለት ነው፤ ድንገተኛ ነፋስ፣ የማዕበል ምትና በእንጨቱ ውስጥ የተደበቀ እንከን ሁሉ ከዚህ መጠባበቂያ ላይ ስለሚቀነሱ ሦስት እጥፍ ቅንጦት አይደለም። ምሰሶው እንዲቀልልን ብለን ውፍረቱን ወደ 60 ሚሊሜትር ብናወርደውስ? ውጥረቱ ወደ 42 ይወጣል። ከአምስት እጅ አንዱን ብቻ ቀንሰን ጥንካሬውን በግማሽ ቆረጥነው።

በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከማንኛውም የቁሳቁስ ምክር በላይ የሚጠቅመው ይህ ስሌት ነው። የአንድ ዘንግ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ በ4፣ ጥንካሬው በ8፣ ግትርነቱ ደግሞ በ16 ይባዛል። ደካማ የሚባል እንጨት ጥቂት ወፍራም ቢደረግ ጠንካራ ከሚባለው እንጨት እኩል ይቆማል። ውድ ቁሳቁስ የሚገዛልን ቅጥነትና ቅለት ነው፤ እነዚህ ለውድድር ጀልባ ወሳኝ ናቸው፤ ለሽርሽርና ለዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ግን ይህን ያህል ዋጋ አያወጡም።

ሁለተኛው ስሌት የምሰሶውን እግር ይመለከታል። ምሰሶው ከአንገቱ በታች፣ እግሩ ጀልባዋ ወለል ላይ እስከሚሰካበት መቀመጫ ድረስ፣ 30 ሴንቲሜትር ብቻ ከገባ፣ ያው 90 ኪሎግራም-ሜትር መቀመጫውን በ300 ኪሎ ጉልበት ወደ ጎን ይገፋዋል። 60 ሴንቲሜትር ከገባ ግፊቱ ወደ 150 ኪሎ ይወርዳል። በሁለት ብሎን የታሰረች ጣውላ የመጀመሪያውን አትችለውም። ያለ ሽቦ ለሚቆም ምሰሶ ከርዝመቱ አንድ አስረኛ ያላነሰ ከወለሉ በታች ይግባ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

አጭር ምሰሶ፣ አጭር ወጪ

ምሰሶ በሁለት መንገድ ይቆማል። አንደኛው ከጎንና ከፊት በሽቦ ተወጥሮ ነው። በዚህ ጊዜ ምሰሶው መጉበጡን ለሽቦዎቹ ያስረክብና በምትኩ ከላይ ወደ ታች ይጫናል። ሽቦዎቹ እየጎተቱ ሲጫኑት ረጅምና ቀጭን ነገር በመሃሉ ይታጠፋል፤ ድጋፍ የሌለው ርዝመት በግማሽ ሲቀነስ ግን መታጠፉን የሚቋቋምበት ጉልበት በአራት እጥፍ ያድጋል። ረጃጅም ምሰሶዎች በመሃላቸው አግዳሚ ክንድ አድርገው ተጨማሪ ሽቦ የሚወጥሩት ለዚህ ነው። አሠራሩ ብልህ ነው፤ ምሰሶው ይቀጥናል፣ ይቀልላል። ወጪው ግን ወደ ሽቦው፣ ወደ ማጥበቂያ ብሎኑ፣ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ወደሚታሰረው ብረት ይዞራል። ከእነዚህ አንዲት ፒን ብትወልቅ ደግሞ ምሰሶው ሁሉ ይወድቃል።

ሁለተኛው መንገድ ምሰሶውን በአንገቱና በእግሩ ብቻ ተማምኖ ማቆም ነው። ሽቦ የለ፣ ማጥበቂያ የለ። በትንሽ ጀልባ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ይህን ነው፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ሉግ የሚባለውን ባለአራት ማዕዘን ሸራ። ይህ ሸራ የላይኛው ጠርዙ በአንድ ዘንግ ላይ ታስሮ ስለሚሰቀል፣ ዘንጉ ከምሰሶው ጫፍ በላይ አልፎ ይወጣል። ስለዚህ ረጅም ምሰሶ ከሚጠይቀው ባለሦስት ማዕዘን ሸራ ጋር እኩል ስፋት ያለው ሸራ በአጭር ምሰሶ ይሰቀላል። ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ሲኬድ ከዘመናዊው ሸራ ጥቂት ማነሱ አይካድም።

ያለ ሽቦ የቆመ ምሰሶ የልጆች መጫወቻ ብቻ እንዳይመስል። ክላርክ ሚልስ በ1947 በፍሎሪዳ ለልጆች የነደፋት ኦፕቲሚስት የተባለች ትንሽ ጀልባ ምሰሶዋ ሽቦ የለውም፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ልጆች የሚማሩባት እሷ ናት። ብሎንዲ ሃስለር ደግሞ በ1960 በመጀመሪያው ብቻን አትላንቲክን የማቋረጥ ውድድር ጄስተር በተባለች ትንሽ ጀልባው ሁለተኛ ሲወጣ፣ የቻይና ዓይነት ሸራ የተሸከመው ነጠላ ምሰሶው በአንዲት ሽቦ እንኳ አልታሰረም ነበር።

እንጨት

ለሸራው ተስማሚ ርዝመትና ውፍረት ከታወቀ በኋላ ወደ ቁሳቁሱ እንሂድ። አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ስፕሩስ፣ አሉሚኒየምና ብረት ግትርነታቸው ለክብደታቸው ሲካፈል ሦስቱም ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጣሉ። ልዩነቱ እንጨት ቀላል በመሆኑ በተመሳሳይ ክብደት ወፍራም ሆኖ መሠራቱ ነው፤ ውፍረት ምን እንደሚያደርግ ከላይ አይተናል።

ከሁሉ የሚረክሰው ቀጥ ብሎ ያደገ ቀጭን ዛፍ ነው። ቅርፊቱ ይላጣል፣ ሁለቱ የተቆረጡ ጫፎቹ በቀለም ይዘጋሉ፣ ከዚያ ጥላ ሥር ቀጥ ብሎ ተደግፎ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ለየ25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ዓመት የሚለው የአናጺዎች ልማድ ለችኩል ሰው አይመችም፤ ሆኖም ጫፎቹ ሳይዘጉ ፀሐይ ላይ የተጣለ ግንድ ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃል። በጥንቃቄ የደረቀውም ቢሆን መሰንጠቁ አይቀርም፤ እንጨት በዓመት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው በእጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ መሃሉን የያዘ ግንድ የሆነ ቦታ መከፈት አለበት። በርዝመቱ የሚሄድ ስንጥቅ ምሰሶውን አይገድለውም። ስንጥቁን በጠጣር መሙያ መጠቅጠቅ ግን ስህተት ነው፤ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ መሙያው እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይበልጥ ይሰነጥቀዋል። ሰም ወይም ዘይት ያለው ለስላሳ ነገር ይበቃል።

ከጣውላ መደብር የሚገዛ ከሆነ ዋናው ሥራ መምረጥ ነው። የእንጨቱን ክር በዓይን መከተል ያስፈልጋል፤ በ15 ሴንቲሜትር ርዝመት ውስጥ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ወደ ጎን የሚሸሽ ከሆነ ያ ጣውላ ለመደርደሪያ ይሁን። ቅርንጫፍ የወጣበት ጉጥ በጠርዝ ላይ ካለ በተለይ በአንገቱ አካባቢ አይፈቀድም። እንከን የሌለበት ረጅም ጣውላ ውድ ስለሆነ ርካሹ ዘዴ እንከን ያለበትን ረጅም ጣውላ ገዝቶ ጉጦቹን ቆርጦ ማውጣትና ንጹሕ የሆኑትን ቁርጥራጮች መቀጠል ነው። መቀጠያው በሰያፍ ይቆረጣል፤ የጣውላው ውፍረት 20 ሚሊሜትር ከሆነ ሰያፉ ከ160 እስከ 240 ሚሊሜትር ይርዘም። የአንዱ ጣውላ መገጣጠሚያ ከጎኑ ካለው ጣውላ መገጣጠሚያ ጋር አንድ ቦታ ላይ እንዳይውል ማራራቅ ነው።

ድፍን ምሰሶ ሁለት ጣውላ ገጥሞ በማጣበቅ ይሠራል። አንደኛው ጫፉ ተገልብጦ ከሌላው ጋር ቢገጠም የአንዱ የመጣመም ፍላጎት የሌላውን ይይዘዋል። የተጣበቀው አራት ማዕዘን መጀመሪያ ወደ ጫፉ እየቀጠነ እንዲሄድ ይላጋል፤ ያለ ሽቦ ለሚቆም ምሰሶ ጫፉ የአንገቱን ግማሽ ያህል ቢሆን ይበቃል። ቀጥሎ አራቱ ማዕዘን ስምንት ይሆናል። እዚህ ላይ አናጺዎች የሚጠቀሙበት አንዲት ቀላል መሣሪያ አለች። በአንድ ቁራጭ እንጨት ላይ በሁለት ጫፍ ሁለት ችካል ይተከላል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በ24 ይከፈልና ከግራ በ7ኛውና በ17ኛው ላይ ሁለት የእርሳስ ጫፎች ይገባሉ፤ 7፣ 10፣ 7 ማለት ነው። ሁለቱ ችካሎች የጣውላውን ሁለት ጎን እየነኩ ከላይ እስከ ታች ሲጎተት እርሳሶቹ ሁለት መስመር ያሰምራሉ። ምሰሶው እየቀጠነ ሲሄድ መሣሪያው ጠመም ስለሚል መስመሮቹም በዚያው ልክ ይጠባሉ፤ ምንም ስሌት አያስፈልግም። በአራቱም ጎን ከተሰመረ በኋላ ማዕዘኖቹ እስከ መስመሩ ድረስ በመላጊያ ይወርዳሉ። ስምንቱ ከዚያ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስቱ በብርጭቆ ወረቀት ክብ ይሆናል።

ድፍኑን ቦርቡሮ ማቅለልም ይቻላል፤ ጥቅሙ ከሚጠበቀው በላይ ነው። የግድግዳው ውፍረት ከጠቅላላው ውፍረት አንድ አምስተኛ ቢሆን ምሰሶው ከክብደቱ 36 በመቶ ሲያጣ ከግትርነቱ የሚያጣው 13 በመቶ ብቻ ነው። መሃሉ ላይ ያለው እንጨት ምሰሶው ሲታጠፍ ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላልና። ከላይ የሚቀነስ እያንዳንዱ ኪሎ ደግሞ ዋጋ አለው፤ ከጀልባዋ ሚዛን ማዕከል 6 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ 1 ኪሎ፣ ከማዕከሉ 60 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ 10 ኪሎ ማመዛዘኛ ጋር ይፎካከራል።

ቦርቧራ ምሰሶ ለመሥራት ዝነኛው ዘዴ «የወፍ አፍ» የሚባለው ነው። ስምንት ሞራሌዎች በአንድ ጠባብ ጠርዛቸው ላይ የ90 ዲግሪ ጎድጓዳ ይቆረጥባቸዋል፤ የአንዱ ጠርዝ የሌላው አፍ ውስጥ እየገባ ክብ ይሠራሉ። የ100 ሚሊሜትር ምሰሶ ከተፈለገ ሞራሌው 40 በ20 ሚሊሜትር ይሁን፤ ለሌላ ውፍረትም ስፋቱ የምሰሶው 0.4፣ ውፍረቱ 0.2 ነው። የጠረጴዛ መጋዝ ያለው ሰው በአንድ ቀን ይቆርጠዋል። መጋዙ ለሌለው ግን አራት ጣውላዎችን እንደ ረጅም ሣጥን ገጥሞ ማጣበቅ እጅግ ይቀላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ለውበት ብሎ በወፍ አፍ መድከም የለበትም። በሁለቱም ላይ አንገቱ፣ እግሩ፣ ጫፉና መዘውር የሚታሰርበት ቦታ ውስጣቸው በድፍን እንጨት ይሞላል። የዚያ ድፍን እንጨት ጫፍ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ግትሩ ክፍል በድንገት ስለሚያልቅ ምሰሶው እዚያው ይሰበራል፤ ስለዚህ ጫፉ እንደ ተሰነጠቀ የወፍ ጭራ ሁለት ረጅም ምላስ ሆኖ ይቆረጥ።

ስለ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ ስለሚጠጥረው ሙጫ፣ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። መጀመሪያ ቀጭኑን ቀብቶ እንጨቱ ከጠገበ በኋላ ነው በእንጨት ዱቄት የወፈረውን መጨመር፤ ከዚያም ከመጠን በላይ አለማጥበቅ፤ የተጨመቀ መገጣጠሚያ ሙጫው ወጥቶ ደረቅ ይቀራል። ሌላው፣ ኢፖክሲ ፀሐይ ይፈራል። ከላዩ ቀለም ወይም የፀሐይ ጨረር የሚከላከል ቫርኒሽ ካልተቀባ በጊዜ ሂደት ይነጣል፣ ይላላጣል።

ሌሎቹ

አሉሚኒየም ጊዜ ለሌለው ሰው ነው። 75 ሚሊሜትር ውፍረትና 2 ሚሊሜትር ግድግዳ ያለው ቧንቧ በሜትር 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ያ ድፍን ስፕሩስ 1.8 ገደማ ነበር። በዚያው 90 ኪሎግራም-ሜትር ስር ውጥረቱ 108 ሜጋፓስካል አካባቢ ይሆናል። 6061-ቲ6 የሚባለው ቅይጥ እስከ 275 ገደማ ሳይጣመም ስለሚችል ከበቂ በላይ ነው፤ ለመስኮት ፍሬም የሚውለው ለስላሳው 6063-ቲ5 ግን 145 አካባቢ ላይ ስለሚጣመም ለጭንቅ ቀን የሚተርፍ ነገር የለውም። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ሻጩ የቅይጡን ቁጥር ካላወቀ ደካማው ነው ብሎ ማስላት ይሻላል። የመስኖ ቧንቧ ግድግዳው ስስ ስለሆነ አንገቱ ላይ ተሰርጉዶ ይታጠፋል፤ እዚያ ውስጡ ሌላ ቧንቧ ማስገባት ግድ ነው። ውፍረታቸው እየቀነሰ የሚሄድ ቧንቧዎችን አንዱን በሌላው ውስጥ እየሰኩ ወደ ላይ የሚቀጥን ምሰሶ መሥራትም ይቻላል። ትልልቅ የባንዲራ መስቀያዎችና የመንገድ መብራት ምሰሶዎች እየቀጠኑ የተሠሩ ስለሆኑ ያለ ሽቦ ለሚቆም ምሰሶ የተዘጋጁ ይመስላሉ። ብየዳ ግን ይቅር፤ የሞቀው ቦታ ከጥንካሬው ሲሶ የሚበልጠውን ያጣል። የማይዝግ ብረት ብሎን ከአሉሚኒየም ጋር በጨዋማ ውኃ ሲገናኝ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል፤ በመካከላቸው የፕላስቲክ ቀለበት ወይም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቅባት ያስፈልጋል።

ቀርከሃ ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ቦርቧራ ምሰሶ ነው። ወደ ጫፉ ይቀጥናል፤ አንጓዎቹም ግድግዳው እንዳይሰረጉድ ይይዙታል። ድክመቱ በርዝመቱ መሰንጠቁ ነው። ስለዚህ አይበሳ፣ ምስማርም ሆነ ብሎን አይግባበት፤ ሁሉ ነገር በገመድ ይታሰር። በአንጓዎቹ መካከል በኢፖክሲ የተነከረ የፋይበርግላስ ጥብጣብ ወይም ጠንካራ ሲባጎ ጥብቅ አድርጎ መጠምጠም ስንጥቁን ያግዳል። ቀርከሃ ውስጡ ስታርች ስላለው ነቀዝ ይወደዋል፤ ከመድረቁ በፊት በቦራክስ መፍትሔ ቢነከር ይከላከላል። ለብዙ ዓመት አልመካበትም፤ ለመጀመሪያ ጀልባና ለሸራው ዘንጎች ግን እሱን የሚያህል ርካሽ ነገር አላውቅም።

የብረት ቧንቧ ለምሰሶ ከባድ ነው። 48 ሚሊሜትር ውፍረትና 3 ሚሊሜትር ግድግዳ ያለው የአጥር ቧንቧ በሜትር 3.3 ኪሎ ይመዝናል፤ አምስት ሜትሩ ከ16 ኪሎ በላይ ነው፤ ያውም ሁሉም ከላይ። የፒቪሲ ቧንቧስ? ከእጅ አይሻል ዶማ። ግትርነቱ የእንጨትን ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ጫና ሲቆይበትም ጎብጦ ይቀራል። ምሰሶው አንገቱ ላይ እንዳይፋቅ እንደ ቀለበት ቆርጦ ማልበሻ ይሆናል፤ ከዚያ አያልፍም።

ያገለገለ የዊንድሰርፍ (ሸራ የተተከለበት የመንሸራተቻ ሰሌዳ) ምሰሶ ከተገኘ ለአነስተኛ ሸራ መልካም ነው። እጅግ ቀላል ነው፤ እንዲለጠጥና እንዲመለስ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ በነፋስ ሲጎብጥ ማየት ሊያስደነግጥ አይገባም። እንጨትን በፋይበርግላስ ጨርቅ መጠቅለልስ? ጨርቁ እንጨቱን ከመፋቅ ያድነዋል፤ ግትርነት ግን የሚጨምረው ክሮቹ በምሰሶው ርዝመት ሲሄዱ ነው።

አሉሚኒየምም፣ አንዳንድ የዊንድሰርፍ ምሰሶ የሚሠራበት ካርበን ፋይበርም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ምሰሶውን አቁሞ ጀልባዋን በየብስ ከመጎተት በፊት ቀና ብሎ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ እርጥብ እንጨትም ቢሆን ዋስትና አይሆንም።

ውኃ ከመንካቱ በፊት

እንጨት የሚበሰብሰው ውኃ ገብቶ በማይወጣበት ቦታ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ነው። በመቀመጫው ላይ የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይተው፤ የተቆረጡት ጫፎች ደግሞ ከሌላው ክፍል ይበልጥ በኢፖክሲ ይጥገቡ። ቦርቧራው ምሰሶ ከላይም ከታችም ይደፈን። 75 ሚሊሜትር ውፍረትና 5 ሜትር ርዝመት ያለው ምሰሶ 22 ሊትር ያህል ይዘት ስላለው ጀልባዋ ስትጋደም ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ እንዳትገለበጥም ይይዛታል። ውኃ የሞላው ቧንቧ ግን ወደ ታች ይጎትታታል።

ከዚያ መፈተን ነው። ምሰሶው አግድም ይተኛ፤ አንገቱ በጨርቅ በተሸፈነ ድጋፍ ላይ ይረፍ፤ እግሩ ወደ ላይ እንዳይነሳ ከጠንካራ ነገር ሥር ይያዝ። የሸራው መሃል ከአንገቱ 2.5 ሜትር ይርቃል ብንል 90 ኪሎግራም-ሜትር የሚሆነው እዚያ ቦታ ላይ 36 ኪሎ ሲንጠለጠል ነው። ጀሪካን አንጠልጥሎ ውኃ ቀስ እያሉ መጨመር ከሁሉ ይመቻል፤ 1 ሊትር 1 ኪሎ ነውና። 36 ላይ ቆሞ የጫፉን መውረድ በሜትር መለካትና መመዝገብ፤ ከዚያ እስከ 54 መቀጠል፤ ማንም ሰው ሥሩ አይቁም። ጆሮ ይጣል፤ ሙጫ ሲለቅና ክር ሲበጠስ ይሰማል። ውኃው ከተደፋ በኋላ ጫፉ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ወይም ድምፅ ከተሰማ መፍትሔው ሸራውን ማሳነስ ወይም አንገቱን ማወፈር ነው። ምሰሶው ተገልብጦ በሌላው ጎንም ይፈተን። በ36 ኪሎ የተመዘገበው ቁጥር ደግሞ በእርሳስ በራሱ በምሰሶው እግር ላይ ይጻፍ፤ በየዓመቱ ያንኑ ጀሪካን አንጠልጥሎ ሲለካ ቁጥሩ ካደገ ውስጡ መበስበስ ወይም መላቀቅ ጀምሯል።